ከአፕ ውስጥ መልእክት ለመላክ የትኛው ፋንክሽን ይሻላል? ኤስኤምኤስ፣ ኢንተንት፣ ጌትዌይ፣ ፑሽ ወይስ የቴሌግራም ቦት

የእቁብ አፕ ሠርቼ ነበር። ትልቅ ነገር አይደለም፤ የእናቴ ሰፈር የእሁድ እቁብ ነው፤ 40 አባል፣ አንድ ዳኛ፣ አንድ ጸሐፊ። ጸሐፊዋ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ 40 ሰው ጋ እየደወለች "ነገ እጣ አለ" ማለት ሰልችቷት "አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለ እንዴ፣ አንድ ነገር አድርግልኝ እንጂ" አለችኝ። አንድ ማታ ይበቃዋል ብዬ ጀመርኩ። መልእክት የሚልከው ፋንክሽን (አፑን አንድ ሥራ የሚያሠራው ትእዛዝ) አንድ መስመር ነው፤ እውነትም አንድ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ወር ያቺን አንድ መስመር ስቀያይር ከረምኩ።

እኔ በዞርኩበት እንዳትዞሩ ነው ይህን የምጽፈው። "የትኛው ፋንክሽን ይቀላል?" ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሁሉም ይቀላል። መልእክቱ ከማን ስልክ ነው የሚወጣው? ሂሳቡ ከማን ኪስ ነው? ተቀባዩ ዳታ ካልከፈተስ? እነዚህን ሦስቱን ከመለሳችሁ ፋንክሽኑ ራሱ ይመጣል። (ስሞቹን በእኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው። የአንድሮይድ አፕ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ላይ ሁለት ሦስት ፊደል ስትጀምሩ ራሱ ይሞላላችኋል።)

መጀመሪያ ግን የ70 ፊደል ጉዳይ

ይህን ሳላውቅ ነው የገባሁበት፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ላስቀድመው። አንድ ኤስኤምኤስ የሚሸከመው 140 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ፊደል 7 ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል ግን እዚያ የ7 ቢት ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። ስለዚህ መልእክቱ በሙሉ ዩሲኤስ 2 ወደሚባለው አጻጻፍ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ይበላል፣ የሚገባው 70 ብቻ ይሆናል። ባዶ ቦታም ነጥብም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ደግሞ መልእክቱ ይቆራረጣል። ተቀባዩ ስልክ ቁርጥራጮቹን መልሶ እንዲገጣጥማቸው እያንዳንዱ ላይ ትንሽ መለያ ስለሚታከል በአንዱ ቁራጭ የሚገባው 67 ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ከሆነ 153።

የእኔ መልእክት ይህ ነበር፦ "ሰላም፣ የእሁድ እቁብ እጣ ነገ ከሰዓት 9 ሰዓት ይወጣል። እባክዎ 2000 ብርዎን ይዘው ይምጡ።" ቁጠሩት፣ 60 ነው። አንድ ኤስኤምኤስ፣ ቆንጆ። ከዚያ ዳኛው "ስም ይግባበት እንጂ፣ ይሄማ ለማንም የሚላክ ማስታወቂያ ይመስላል" አሉ። ልክ ናቸው። "ሰላም ወይዘሮ እቴነሽ፣" ሲሆን በትክክል 70 ሞላ፤ እፎይ። "ሰላም ወይዘሮ ወለተማርያም፣" ሲሆን 73 ሆነና ሁለት መልእክት ወጣ። ሁለተኛው ውስጥ ያለው "ው ይምጡ።" ብቻ ነው። ለስድስት ፊደል ሙሉ ሂሳብ! (ስሞቹን ቀይሬያቸዋለሁ፣ የፊደሉን ብዛት ግን አልነካሁትም።)

ሌላም አለ። መልእክቱን ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ አንዲት አራት ነጥብ ብቻ ብታስገቡ፣ ያቺ አራት ነጥብ መልእክቱን በሙሉ ከ160 ወደ 70 ታወርደዋለች። ከዎርድ ወይም ከቴሌግራም ኮፒ ስታደርጉ የሚመጣው የተጠማዘዘ ጥቅስ ምልክትም እንደዚያው ነው። እንግዲህ አማርኛውን በላቲን ፊደል እንጻፈው የሚል ሰው ይኖራል። ርካሽ ነው፣ አልክድም። ግን የ70 ዓመት እናት "ነገ እጣ ይወጣል" የሚለውን በላቲን ፊደል ሲያነቡ አስቧቸው። እኔ አላደረግኩትም። የግእዝ ፊደል የማያሳዩ የድሮ ባለ ቁልፍ ስልኮች መኖራቸውን ግን አትርሱ፤ እነሱ ላይ የሚታየው የሳጥን ሰልፍ ነው። ለእነዚያ ሰዎች ጸሐፊዋ አሁንም ትደውላለች።

ኤስኤምኤስ ማናጀር፦ ከራሱ ከስልኩ፣ በዝምታ

አንድሮይድ ላይ ኤስኤምኤስ ማናጀር የሚባል ክላስ (የፋንክሽኖች ስብስብ) አለ፣ ውስጡ ሴንድቴክስትሜሴጅ የሚባል ፋንክሽን። አምስት ነገር ይቀበላል፦ የተቀባዩን ቁጥር፣ የአገልግሎት ማዕከሉን ቁጥር (ናል፣ ማለትም ባዶ፣ ብላችሁ እለፉት)፣ ጽሑፉን፣ "ወጥቷል?" የሚለውን የሚነግራችሁ ፔንዲንግ ኢንተንት (ውጤቱ ሲታወቅ አንድሮይድ ለአፑ መልሶ የሚልከው ጥሪ)፣ እና "ደርሷል?" የሚለውን የሚነግራችሁ ሌላ ፔንዲንግ ኢንተንት። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሁሉም ሰው ናል አድርጎ ያልፋቸዋል። እኔም አልፌያቸው ነበር።

ፋንክሽኑ ምንም አይመልስም። ተጠርቶ መመለሱ መልእክቱ ሄደ ማለት አይደለም። ኔትወርክ የለም፣ ካርድ አልቋል፣ ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ነው፣ ፋንክሽኑ ለሁሉም ዝም ነው። እኔ አፑ ላይ "ለ40 አባላት ተልኳል" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ አሳየሁ፣ እሁድ ዘጠኝ ሰው ቀረ። የጸሐፊዋ ሂሳብ መሀል ላይ አልቆ ነበር። አረንጓዴው ጽሑፍ የዋሸው እኔ ስላዋሸሁት ነው። አራተኛውን ቦታ ሙሉት፣ የሚመጣውን መልስ አንብቡ፣ ከዚያ በኋላ ነው "ተልኳል" የሚባለው። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ፔንዲንግ ኢንተንት ስትሠሩ ሚውተብል (ሊቀየር የሚችል) ወይም ኢሚውተብል (የማይቀየር) ብላችሁ መጥቀስ ግዴታ ነው፣ ካልጠቀሳችሁ አፑ ይወድቃል።

ጽሑፉ ከ70 ፊደል ካለፈ ደግሞ ይህ ፋንክሽን አይሆናችሁም። ዲቫይድሜሴጅ ይቆራርጠዋል፣ ሴንድመልቲፓርትቴክስትሜሴጅ ይልከዋል። ከኢንተርኔት የምትገለብጡት ምሳሌ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ችግሩ አይታይባቸውም፤ የኛ አረፍተ ነገር ግን ገና ሳይሞቅ 70 ይሞላል። እኔ መልቲፓርቱን ሁልጊዜ ነው የምጠራው፣ አንድ ቁራጭ ብቻ ቢሆንም ይሠራል።

ሁለት ሲም ሌላ ጣጣ ነው። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንዱ ሲም ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው ሳፋሪኮም የሆነበት ስልክ ሞልቷል። የኤስኤምኤስ ጥቅል የገዛችሁት በአንዱ ሆኖ አፑ በሌላው ቢልክ ካርዳችሁን ጥርግ ያደርገዋል። በፊት የነበረው፣ ሲም ሳይጠይቅ የሚልከው ጌትዲፎልት ከአንድሮይድ 12 ወዲህ አይመከርም፤ በየትኛው ሲም እንደሚላክ ተጠቃሚውን ጠይቃችሁ የዚያን ሲም መለያ ቁጥር ስጡት።

ፈቃዱም አለ። ሴንድ ኤስኤምኤስ የሚባለውን ፈቃድ ማኒፌስት (አፑ ስለ ራሱ የሚያሳውቅበት ፋይል) ላይ መጻፍ ብቻ አይበቃም፣ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ አፑ እየሠራ ሳለ ተጠቃሚውን መጠየቅ አለባችሁ። ከባዱ ግን የጉግል ፕሌይ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የወጣው ሕግ የኤስኤምኤስ ፈቃድ የሚፈቅደው በዋናነት የስልኩ ዋና የመልእክት አፕ ለሆኑት ነው፤ ሌላው ለየት ያለ ምክንያት አቅርቦ መፈቀድ አለበት። "የእቁብ ማስታወሻ" የሚለው ምክንያት ያሳልፋል ብላችሁ አትድከሙ። ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም ለጸሐፊዋ ብቻ የምትሰጧት ከሆነ ሕጉ አይነካችሁም፣ የእኔ አፕ እስካሁን የሚኖረው እንደዚያ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ ለመልቀቅ ካሰባችሁ ግን ይህን መንገድ ከአሁኑ እርሱት። አይፎን ላይማ ጭራሽ የለም። አፕል ማንም አፕ በዝምታ ኤስኤምኤስ እንዲልክ አይፈቅድም።

አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ እውነቱን ለመናገር። መልእክቱ የሚመጣው ከጸሐፊዋ ቁጥር ነው። ሰው ስሟን ያያል፣ ያምናል፣ "ነገ አልችልም፣ ብሩን በልጄ እልካለሁ" ብሎ ይመልስላታል። ከአጭር ቁጥር የሚመጣ መልእክት ይህን አይችልም። ደግሞም ዳታ አይፈልግም፣ ከማንም ወገን።

በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ መልእክት ከላካችሁ ግን አንድሮይድ ራሱ "ይህ አፕ ብዙ መልእክት እየላከ ነው፣ ይቀጥል?" ብሎ ያቆመዋል። በአንዱና በሌላው መካከል ጥቂት ሰከንድ አሳርፉት። ለ40 ሰው ይሆናል። ለ4000 ሰው ግን ይህን መንገድ የሚመክራችሁ ካለ ሽሹት።

ኢንተንት፦ መልእክቱን አዘጋጅ፣ ሰውዬው ይላከው

ኢንተንት ማለት አፑ "ይህን በሌላ አፕ ክፈትልኝ" ብሎ ለአንድሮይድ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። አክሽን ሴንድቱ፣ ኤስኤምኤስቱ ብሎ የሚጀምር አድራሻ፣ ጽሑፉ ኤስኤምኤስ ቦዲ በሚባለው ኤክስትራ (ተጨማሪ መረጃ መያዣ) ውስጥ። ስታርትአክቲቪቲ። አለቀ። የስልኩ የመልእክት አፕ ቁጥሩና ጽሑፉ ተሞልቶ ይከፈታል፣ ሰውዬው "ላክ" ይላል። ፈቃድ አይጠይቅም፣ ጉግል አይቆጣም። አይፎን ላይ ተመሳሳዩ ሜሴጅ ኮምፖዝ ቪው ኮንትሮለር ነው፣ መጀመሪያ ካንሴንድቴክስት ብላችሁ ጠይቁት፣ ሲሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ያለ ማስመሰያ ስልክ) ላይ አይሠራም። ለአንድሮይድም ለአይፎንም አንድ ላይ ለመሥራት ፍላተር የምትጠቀሙ ዩአርኤል ላንቸር የሚባለው ተጨማሪ ይበቃችኋል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ 40 ጊዜ መጫን አለ፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ሰውዬው ላከው ወይስ ዘጋው አታውቁም። አንድ ላይ ለብዙ ቁጥር ማዘጋጀት ይቻላል የሚል አለ፣ ግን ከስልክ ስልክ ይለያያል፣ አንዳንዱ ወደ ግሩፕ መልእክት ይቀይረዋል። አንድ ወጥመድ ላስታውሳችሁ፦ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ማኒፌስት ላይ ኩዌሪስ (የትኞቹን አፖች ማየት እንደምትፈልጉ) ካልጻፋችሁ "የሚከፍተው አፕ አለ?" ብሎ የሚጠይቀው ሪዞልቭአክቲቪቲ የመልእክት አፕ እያለም "የለም" ሊላችሁ ይችላል። አትጠይቁት፣ ዝም ብላችሁ ክፈቱትና ካልተገኘ ስህተቱን ያዙት።

ለጓደኛ የሚላክ ግብዣ፣ "እዚህ ነኝ" የሚል አድራሻ፣ ለአንድ ደንበኛ የሚላክ ደረሰኝ፣ ለእነዚህ ሁሉ ከኢንተንት ሌላ አትፈልጉ።

ጌትዌይ፦ ከሰርቨር፣ በአጭር ቁጥር

እዚህ ስልኩ ምንም አይልክም። አፑ ለሰርቨራችሁ (ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ ላለው ኮምፒውተር) ይነግራል፣ ሰርቨሩ ለኤስኤምኤስ አቅራቢው በኢንተርኔት የኤችቲቲፒ ጥያቄ ይልካል፣ አቅራቢው ለኦፕሬተሩ ያሳልፋል። ባንኮች የሚልኩላችሁ ሁሉ በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ውል፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ ወረቀት አለው። የላኪ ስም በፊደል የሚፈቀድላችሁ ከሆነ ከ11 የላቲን ፊደል አይበልጥም።

ለአፕ መግቢያ የሚላከውን የማረጋገጫ ኮድ በሌላ መንገድ አትሞክሩት፣ ጌትዌይ ነው። አንድሮይድ ላይ ኤስኤምኤስ ሪትሪቨር የሚባል ነገር አለ፣ ያለ ምንም ፈቃድ ኮዱን ራሱ አንብቦ ይሞላል። መልእክቱ ግን ከ140 ባይት እንዳይበልጥና 11 ፊደል ያለው የአፑ መለያ እንዲኖርበት ይፈልጋል። መለያውን ከ70ው ላይ ስትቀንሱ ለአማርኛው 59 ይቀራችኋል፣ ባዶ ቦታና ቁጥሩን ጨምሮ። ይበቃል፣ ካላስረዘማችሁት።

እዚህ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ለሌላ ሥራ አንድ አቅራቢ ተጠቅሜ ነበር፣ ሰርቨራቸው አንዳንዴ መልስ ሳይሰጥ ይቆያል። እኔ "30 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ ድገም" ብዬ ጻፍኩ። ለካ መልእክቱ ይሄድ ነበር፣ የዘገየው መልሱ ብቻ ነው። አንዲት ሴት "2000 ብር ተቀብለናል" የሚለው ሦስት ጊዜ ደረሳትና ደንግጣ ደወለች፦ "ሦስት ጊዜ ከፈልኩ እንዴ?" ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ስጡት፣ የሄደውን መዝግቡ፣ ከመድገማችሁ በፊት ሁኔታውን ጠይቁ።

ቁጥሩንም አስተካክሉ። ሰው 09 ብሎ ይጽፋል፣ 07 ብሎ ይጽፋል፣ 251 ብሎ ይጽፋል፣ መሀል ላይ ባዶ ቦታ ያስገባል። የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ወስዳችሁ +251 ቀጥሉበት። ቨርጂንያ ወይም ዱባይ ያለ አባል ካላችሁ ግን ይህ ዘዴ ቁጥሩን ያበላሸዋል፣ አገሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፑሽ፦ ነጻ ነው፣ ግን አፑ ላለው ብቻ

ፑሽ ማለት ስልኩ ላይ ብቅ የሚለው የአፕ ማሳወቂያ ነው። የሚልከው የጉግል ፋየርቤዝ ክላውድ ሜሴጂንግ ገንዘብ አይጠይቅም። 4096 ባይት ድረስ ይሸከማል፣ የ70 ፊደል ጭንቀት የለም። ግን ተቀባዩ አፑን መጫን አለበት፣ ዳታ መክፈት አለበት፣ ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ደግሞ ኖቲፊኬሽን መፍቀድ አለበት። ባትሪ ቆጣቢው ጠንካራ የሆነ ስልክ ላይ ሊዘገይ ወይም ጭራሽ ላይታይ ይችላል። የጉግል አገልግሎት የሌላቸው አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች ላይ አትጠብቁት። አይፎን ላይ በአፕል በኩል ስለሚያልፍ የዓመት 99 ዶላር የገንቢ አካውንት ያስፈልጋል።

የድሮ ቪዲዮ እያያችሁ "ሰርቨር ኪ" የሚባለውን የመላኪያ ቁልፍ ፍለጋ አትድከሙ። ያ የድሮው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል። አሁን ኤችቲቲፒ ቪ1 ነው፣ ለአጭር ጊዜ የሚሠራ ቶከን (የይለፍ ቁልፍ) በሰርቨር በኩል ይወጣል።

አንዲት ነገር ግን አትርሱ፣ ቲቲኤል፣ ማለትም መልእክቱ ሳይደርስ የሚቆይበት የጊዜ ገደብ። ስልኩ ከኔትወርክ ውጪ ከሆነ ፋየርቤዝ መልእክቱን እስከ 4 ሳምንት ያቆየዋል፣ ካልነገራችሁት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ገጠር ሄዶ ዳታ ዘግቶ የሰነበተ አባል ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲከፍት "እጣ ነገ ይወጣል" ይለዋል። ነገ የትኛው ነገ? 86400 ሰከንድ አድርጉት፣ አንድ ቀን። ቀኑንም በቁጥር ጻፉት።

የቴሌግራም ቦት

እኛ አገር ይህን የማይጠቀም አፕ ሠሪ ያለ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ሰዉ እዚያው ነው ያለው። ሴንድሜሴጅ የሚባል ፋንክሽን፣ ቻት አይዲ (የተቀባዩ የቴሌግራም መለያ ቁጥር) እና ጽሑፍ። እስከ 4096 ፊደል፣ አማርኛም ሆነ እንግሊዝኛ እኩል ይቆጠራል። ነጻ።

ቦት ግን ቀድሞ ሰላም ማለት አይችልም። ሰውዬው ስታርት እስኪል ድረስ ቻት አይዲው የላችሁም፣ ስልክ ቁጥሩን ብታውቁም አይጠቅማችሁም። ስታርት የሚለው ሊንክ ላይ የአባሉን መለያ ብትቀጥሉበት ማን እንደገባ ታውቃላችሁ። ቦቱን ብሎክ ያደረገ ሰው ጋ ስትልኩ 403 የሚል የስህተት ቁጥር ("ተከልክሏል") ይመጣል፣ ፍጥነት ካበዛችሁ 429 ("አበዛችሁ")። በሰከንድ 30 መልእክት ገደማ ነው ጣሪያው፣ ለአንድ ሰው ደግሞ በሰከንድ ከአንድ አይለፍ።

የቦቱን ቶከን አፑ ውስጥ አታስገቡ። እባካችሁ። ኤፒኬ ፈትቶ ቶከን ማውጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከዚያ ቦታችሁ የሌላ ሰው ነው። ቶከኑ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ሌላው ነገር ኮድ አይደለም፤ እቁቡ ግሩፕ ስላለው ብቻ ያልከፈለውን ሰው ስም ቦቱ ግሩፕ ላይ እንዲለጥፍ አታድርጉ። አንድ ጊዜ ሐሳቡ ቀርቦልኝ ነበር። ለብቻው ንገሩት።

ፑሽም ቴሌግራምም በኢንተርኔት ላይ ነው የቆሙት። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ የነበረ ጊዜ ሁለቱም ዝም ነበሩ። በእነሱ ብቻ የምትተማመኑ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ታዲያ እኔ ምን መረጥኩ?

ፕሌይ ስቶር ላይ የሚወጣ አፕ ቢሆን፦ ለማረጋገጫ ኮድና ለገንዘብ ጉዳይ ጌትዌይ፣ ለሌላው ሁሉ ፑሽ፣ ተጠቃሚው ራሱ ለሚልከው ኢንተንት። ብዙ ሳላስብ። ፑሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተከፈተና ጉዳዩ የግድ ከሆነ ብቻ በኤስኤምኤስ እደግመዋለሁ፤ ሁሉንም በሁለቱም መላክ ብር መበተን ነው።

የእናቴ ሰፈር እቁብ ላይ ግን ሌላ ነው። ለ40 ሰው ውል መፈራረም አያዋጣም፣ አፕ ጫኑ ብል ማንም አይጭንም። ስለዚህ ቦቱን ስታርት ያሉት በቴሌግራም ይደርሳቸዋል፣ ውጭ አገር ያሉት ልጆችም በዚያው። የቀሩት ከጸሐፊዋ ስልክ በኤስኤምኤስ ማናጀር፣ ጥቅሉ ባለበት ሲም፣ በመካከል አምስት ሰከንድ እያረፈ። አልሄድ ያለው በቀይ ይወጣላታል፣ ለእነሱ ትደውላለች።

ቁጥብ ልሁን ብዬ አንድ ሳምንት "ወይዘሮ" እና "አቶ" የሚለውን አውጥቼው ነበር፣ ሁሉም ከ70 በታች እንዲሆን። እሁድ ወይዘሮ ወለተማርያም ብራቸውን እየቆጠሩ "ይሄ ስልክ በስሜ ብቻ መጥራት ጀመረ፣ እኩያው ነኝ?" አሉ። ማታውኑ መለስኩት። ለእሳቸው በየሳምንቱ ሁለት መልእክት እንከፍላለን።